አያ ጥሩነህና የገሳዩ ቤተ መንግሥት

የአያ ጥሩነህን ማረፍ ስልክ ደውለው የነገሩኝ ታላቅ እህታቸው እታለም ናቸው። እሑድ ጠዋት ነበር። እታለም እንደ ደንባቸው መጀመሪያ የእኔን ጤና፣ ቀጥለው የባለቤቴን፣ ቀጥለው የልጆቹን፣ ከዚያም የአዲስ አበባን ብርድ ጠየቁና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ወንድሜ ትናንት አረፈ። ለልጆቹ ቀስ ብለሽ ንገሪልኝ» አሉኝ።

ቀስ ብዬ ነገርኳቸው። ናሆም አሁን ድምፁ የጎረነነ፣ መስታወት ፊት ቆሞ የላይ ከንፈሩን የሚመረምር ልጅ ሆኗል፤ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ታናሽ እህቱ ማክዳ ግን ትንሽ አሰበችና፣ «ታዲያ ወደ ሰማይ ሲሄድ መንገዱን ማን ያሳየዋል?» ብላ ጠየቀች። ናሆም ሳቀ፤ ወዲያው አፉን ያዘ፤ ወዲያው ደግሞ አለቀሰ። እኔም እንደሱው ሆንኩ።

ማክዳ መቀለዷ አልነበረም፤ የምር ሰግታ ነው። መንገድ በመሳት አያ ጥሩነህን የሚያህል ሰው በሕይወቴ አላየሁም። መንገድ አላውቅም ያሉበትን ቀንም አላየሁም።

ደብረ ታቦር ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ባለቤቴ ሰሎሞን ተወልዶ ያደገው ከእሳቸው ቤት አጥር ለአጥር ነው። የከተማውን ተማሪ ዩኒፎርም ሲሰፉ ስለኖሩ ሰውን የሚያስታውሱት በስሙ ሳይሆን በልኩ ነበር። መንገድ ላይ ሰላም ያላቸውን ትልቅ ሰው ከላይ እስከ ታች ያዩትና፣ «አንተ ያ ቀኝ ትከሻው ዘንበል የሚለው ልጅ አይደለህም?» ይሉታል። ሰውዬው ዛሬ ዳኛ ይሆናል፣ ነጋዴ ይሆናል፤ ብቻ ትከሻውን ቀና ማድረጉ አይቀርም። እኔን መጀመሪያ ያዩኝ ሠርጋችን አልፎ ለመልስ የሄድን ጊዜ ነው። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል የቀሚሴን ጠርዝ በሁለት ጣታቸው ያዝ አደረጉና፣ «ይህን ሲሰፋ ሚስቱ ለምሳ እየጠራችው ነበር» አሉ። ቤት ሄጄ ሳየው እውነትም ጠርዙ መጨረሻው ላይ ይሮጣል።

ሚስታቸው ቀደም ብለው ነው የሞቱት። ልጅ አልነበራቸውም። ብቻቸውን ነው የኖሩት፤ ሱቃቸው ግን ከጠዋት እስከ ማታ ሰው አይጠፋበትም። ልብስ ለማሰፋት ከሚመጣው ይልቅ ለመሳቅ የሚመጣው ይበልጥ ነበር ይላል ሰሎሞን።

ያን ዓመት፣ መንገዱ ሰላም የነበረ ጊዜ፣ ልጆቹ ለግማሽ ዓመት ዕረፍት ሲዘጉ ሰሎሞን «ልጆቼ አገራቸውን ይወቁ» ብሎ ተነሣ። መኪና ተዋስን። በስልኩ ላይ ዕቅድ አወጣ፤ የት እንደምናድር፣ የት ምሳ እንደምንበላ፣ የትኛውን ግንብ ስንት ሰዓት እንደምናይ። ናሆም ያኔ ሦስተኛ ክፍል ነበር፤ ማክዳ የፊት ጥርሶቿ የወለቁ ጊዜ ነው። ባሕር ዳር ላይ ገዳማቱን በጀልባ ስናይ ደስ ብሏቸው ነበር፤ ደስታው የጀልባው ነው። ጎንደር ስንደርስ ነገሩ ተበላሸ። ፀሐዩ ከረር ብሏል፤ አስጎብኚው ረጅም ተናጋሪ ነው። ማክዳ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ሁለተኛ ግንብ የሚባል ነገር እንዳናሳያት ለመነችን። ናሆም በበኩሉ ታሪክ ማለት ጣራ የሌለው ቤት ማለት ነው ብሎ ደምድሟል። ሰሎሞን እንደተከፋ ግን ከመሪው አያያዙ አውቄበታለሁ።

ደብረ ታቦር የገባነው እንዲህ ተኮራርፈን ነው። ማረፊያ ያዝንና አያ ጥሩነህን ሰላም ልንላቸው ሄድን። መኪናቸው ላይ ጎንበስ ብለው አገኘናቸው፤ መኪና ማለቴ የእግር የልብስ ስፌት መኪናቸውን ነው። ሰሎሞንን አቅፈው ወገቡን በክንዳቸው ለኩትና ሆዱ መጨመሩን ነገሩት። ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞረው ምን አይታችሁ መጣችሁ አሏቸው።

«ድንጋይ» አለች ማክዳ።

«ድንጋዩ ምን አላችሁ?»

«ምንም።»

«እንግዲያው ያለ አስተርጓሚ ነው የሄዳችሁት» አሉ አያ ጥሩነህ። «ነገ እኔ አብሬ እሄዳለሁ።»

ዕቅዱ ላይ ለማግሥቱ የተጻፈው ጋፋት ነበር፤ ያ የጥንቱ ንጉሥ መድፍ ያሠሩበት ቦታ፤ ከከተማው ብዙም አይርቅም። አያ ጥሩነህ ጋፋትን እንደ ኪሳቸው እንደሚያውቁት ነገሩን። ጠዋት ራሳቸው የሰፉትን ግራጫ ሱፍ ልብስ ለብሰው፣ ባርኔጣ ደፍተው፣ በዚያ የጥር ፀሐይ ጃንጥላ ይዘው መጡ። ከፊት ተቀመጡ። እኔ ከኋላ ልጆቹ መሐል ገባሁ። ማክዳ ገና መኪናው ሳይነሣ፣ «ዝናብ ሳይኖር ጃንጥላ ለምን ያዝክ?» አለቻቸው። ደንግጬ ትልቅ ሰው አንተ አይባልም ብዬ ልቆጣት ስል ወደ ኋላ ዞሩና ከለከሉኝ።

«ተያት። አንተ ያለኝ ሰው ካጣሁ ስንት ጊዜዬ ነው» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማክዳ ከእኛ ቤት እሳቸውን አንተ የምትል ብቸኛ ሰው ሆና ቀረች።

ጃንጥላው ለመንገድ ማሳያ ነበር። ችግሩ በአፋቸው «ወደ ግራ» ሲሉ ጃንጥላው ወደ ቀኝ ያመለክታል። ሰሎሞን አንዴ አፋቸውን፣ አንዴ ጃንጥላቸውን እያመነ ብዙ ነዳ። የመኪናው መንገድ የጋሪ መንገድ ሆነ፤ የጋሪው የእግር መንገድ ሆነ፤ በመጨረሻ ሰዎች ገብስ የሚወቁበት አውድማ መሐል ገብተን ቆምን። በሬዎቹም፣ ሰዎቹም ቆሙ። አያ ጥሩነህ መስኮቱን ዝቅ አድርገው፣ ልጆቹ እንዳይሰሙ ድምፃቸውን ቀንሰው አንዱን ገበሬ ጋፋት ወዴት እንደሆነ ጠየቁት። ገበሬው ግን ድምፁን የሚቀንስበት ምክንያት አልነበረውም።

«አያ ጥሩነህ ነዎት እንዴ? ጋፋትንማ አልፈውት መጡ» አለ።

አያ ጥሩነህ ፈጠን ብለው ወደ ልጆቹ ዞሩ። «አያችሁ፣ የሚከተለን ጠላት ቢኖር ኖሮ ይኼኔ ጠፍቶበት ነበር።»

ልጆቹ ወደ ኋላ መስኮት ተንጠራርተው ጠላት ፈለጉ። ገበሬዎቹ ደግሞ ቤት የመጣ እንግዳ እንዲሁ አይሄድም ብለው አስወረዱን። ናሆምና ማክዳ ገለባው ክምር ላይ እየወጡ ተንከባለሉ፤ ማክዳ በሬዎቹን እንድትከተል ተፈቀደላት። ባለ አውድማው የለበሰውን ኮት አያ ጥሩነህ ናቸው የሰፉት፤ እጅጌውን ገልብጠው አዩና የተተረተረውን ይዞ እንዲመጣ ነገሩት። ሰሎሞን ሰዓቱን አየ፣ ስልኩን አየ፣ ከዚያ እሱም ጫማውን አውልቆ ገለባው ላይ ተጋደመ። ከአዲስ አበባ ከወጣን ጀምሮ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

ጋፋት ስንደርስ ፀሐዩ አናት ላይ ነበር። መኪናውን አቁመን በእግር ሄድን። እውነቱን ለመናገር ዐይን የሚሞላ ነገር የለም፤ ጉብታ፣ ሣር፣ የታጨደ ማሳ፣ ሰው የሚመላለስበት ቀጭን መንገድ። ናሆም ዙሪያውን አየና መድፉ የት እንዳለ ጠየቀ። ሰሎሞን ስልኩን አውጥቶ ማንበብ ጀመረ። አንድ አረፍተ ነገር ሳይጨርስ ማክዳ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ እኔም ጎንደር ላይ የተቀመጠችበት ድንጋይ ትዝ አለኝ።

አያ ጥሩነህ ባርኔጣቸውን አውልቀው ማክዳ ራስ ላይ ደፉላት።

«ተነሡ ንጉሥ ሆይ፣ ሥራ አለ» አሏት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሰሎሞን እስከ ዛሬ ሲያስታውስ ይስቃል። ማክዳ ንጉሥ ሆነች። ናሆም ብረት አቅላጭ ተደረገና ከእኔ ነጠላ ወናፍ ተሠራለት። እኔ መድፍ መሥራት አይቻልም የምትል ፈረንጅ ተባልኩ፤ ሥራዬም በየመሐሉ «አይቻልም» ማለት ብቻ ነበር። ንጉሡ ደግሞ በየመሐሉ «ይቻላል» ትላለች። መድፉ ከመንገድ ዳር የተገኘ የባሕር ዛፍ ግንድ ሆነ። ግንዱን የሚጎትት ሕዝብ ሲያስፈልግ ሰሎሞን ሕዝብ ተባለ። ያ የባንክ ሠራተኛ ባሌ፣ ሸሚዙን ጠቅልሎ፣ ግንድ በገመድ እየጎተተ ጉብታውን ሲወጣ፣ ማክዳ ከኋላው አያ ጥሩነህን ጃንጥላ አስይዛ «በርታ ሕዝቤ» ስትል፣ የሚያልፉ ሴቶች ቆመው አዩን። አያ ጥሩነህ ታሪኩን እያደባለቁ፣ ያልነበረ ጦርነት እየጨመሩ ይተርካሉ፤ ሰሎሞን ቁና ቁና እየተነፈሰ ያርማል። ግንዱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ናሆም እኔ ሳልነግረው፣ «እውነተኛውን ግን እንዴት ነው ያን ሁሉ ተራራ የጎተቱት?» ብሎ አባቱን ጠየቀ። ሰሎሞን ስልኩን ሳያወጣ አብራራለት። አባትና ልጅ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ያን ሁሉ ተራራ ሲያዩ፣ የመጣንበትን ያገኘን መሰለኝ።

አያ ጥሩነህ ዛፍ ጥላ ሥር አጠገቤ ተቀመጡና አካባቢውን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ቆንጆ ቦታ ነው ለካ» አሉ።

ዞር ብዬ አየኋቸው።

«እኔም ማየቴ ዛሬ ገና ነው» አሉኝ። «ለባልሽ እንዳትነግሪው።»

ዕድሜያቸውን በሙሉ እዚያው አጠገቡ ኖረው ለምን እንዳልመጡ ጠየቅኋቸው። ቅርብ ስለሆነ ነው አሉ። ሩቅ ቦታ ቢሆን ኖሮ ቀን ቆርጠው ይሄዱ ነበር፤ ቅርብ የሆነ ነገር ግን ነገ ይደረሳል፣ ከነገ ወዲያ ይደረሳል፣ እንዲህ እየተባለ ጠጉር ይሸብታል። ይህን ሲሉ አልሳቁም። ወዲያው ተነሡና ልጆቹን ሰብስበው፣ አንድ የቀረ ቦታ እንዳለ ነገሯቸው። ገሳይ ውስጥ ቤተ መንግሥት አለ፤ ጣራ ያለው፤ ውስጡም ንግሥት የምትኖርበት።

ሰሎሞን የዚያ አገር ልጅ ነውና ገሳይ ውስጥ ቤተ መንግሥት መኖሩን ሰምቶ እንደማያውቅ ተናገረ። «አንተ ምን ትሰማለህ፣ አዲስ አበባ ገብተህ ቀረህ» አሉት። ዕቅዱ ከሰዓት በኋላ ወደ ባሕር ዳር እንድንመለስ ነበር። ልጆቹ ግን ንግሥት ከሰሙ በኋላ መመለስ የሚባል ነገር አልነበረም። መኪናውን ወደ ምሥራቅ አዞርን።

መንገዱ ከፍ እያለ፣ ነፋሱም እየቀዘቀዘ፣ ጉና በስተቀኝ ደመና ለብሶ ታየ። አያ ጥሩነህ በዚህ መንገድ ላይ ጃንጥላቸውን አላነሡም። መንገዱን ያውቁት ነበር። ያወቅሁትም ዝም በማለታቸው ነው፤ እንዲህ ዝም ብለው አይቻቸው አላውቅም። ገሳይ ልንገባ ትንሽ ሲቀረን መኪናው እንዲቆም ለመኑ። ወርደው ከውኃ መያዣችን ውኃ ተቀብለው ፊታቸውን ታጠቡ፤ ክራቫታቸውን አስተካከሉ፤ መልሰው ፈታ አደረጉት። እኔም ወርጄ ምነው ደህና አይደሉም እንዴ አልኳቸው። ልጆቹ መኪናው ውስጥ ሆነው ስለ ንግሥቲቱ ዘውድ ይጨቃጨቃሉ። ያኔ ነው የነገሩኝ።

ገሳይ የሚኖሩት ታላቅ እህታቸው ናቸው፤ እታለም። እታለም ባላቸው ሞቶባቸው ብርቱካን የምትባል አንዲት ሴት ልጅ ያሳደጉ ሴት ናቸው። ልጅቷ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ የተከበረ ቤተሰብ ሽማግሌ ላከ፤ መልስ ሰጪውም አጎቷ አያ ጥሩነህ ሆኑ። የልጁ አባት ዘራቸውን መቁጠር ጀመሩ። ከአያታቸው ወደ ደጃዝማች፣ ከደጃዝማች ወደ ራስ፣ ከራስ ወደ ንጉሥ ወጡ፤ መውረድ ግን እንቢ አሉ። ተራው የአያ ጥሩነህ ሲሆን ተነሥተው እንዲህ አሉ፦

«ጌቶቼ፣ የእናንተ አያቶች ነገሥታት ከነበሩ ያረሱላቸው የእኛ አያቶች ናቸው። እንግዲህ ሰባት ትውልድ ገብሳችንን በልታችኋል። አሁን ደግሞ ልጅ ልትወስዱ መጣችሁ። እስኪ መጀመሪያ የገብሱን ነገር እንነጋገር።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከመጡት ሽማግሌዎች አንዱ ጠላው ትን ብሎት ሊሞት ነበር። የልጁ አባት ግን ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ፤ ጋብቻውም በዚያው ቀረ። ብዙ ሳይቆይ ብርቱካን ሥራ ፍለጋ ዓረብ አገር ሄደች። እታለም ወንድማቸውን ሁለተኛ ደጃፋቸውን እንዳይረግጥ ነገሩት፤ እሳቸውም አልረገጡም።

ለምን ሽማግሌ አልላኩም ነበር ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ልኬ ነበር እንጂ» አሉ። «ሽማግሌ የምለምነው ሁሉ መጀመሪያ ቀልዱን ንገረን ይላል። ስነግረው ይስቃል። የሚስቅ ሽማግሌ እንዴት አድርጌ እልካለሁ?»

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። እሳቸውም አዩኝና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይኸው አንቺም» አሉ።

ብርቱካን ከሪያድ ተመልሳ መንገድ ዳር ምግብ ቤት መክፈቷን በሰው ሰምተው ነበር። የእታለም ቤት ከምግብ ቤቱ ጀርባ ነው። ስንደርስ ብርቱካን ደጅ ላይ ነበረች፤ ቀጠን ያለች፣ ዐይኗ ፈጣን ሴት። አጎቷን አየች፤ በእጇ የያዘችውን ሰሃን አስቀመጠች። እታለም ከጓሮ መጡ። እኔን ሦስት ጊዜ ሳሙኝ፤ ሰሎሞንን ሳሙ፤ የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቁና ነገራቸው፤ ልጆቹን አገላብጠው ሳሙ። ወንድማቸውን ግን እንደ በር መቃን አልፈዋቸው ሄዱ። አያ ጥሩነህ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው በቆሙበት ቀሩ።

ማክዳ ቤቱን ዞራ አየችና፣ «ቤተ መንግሥቱ የት ነው?» አለች።

«ቤተ መንግሥት አለ ያለሽ ማን ነው?» አሉ እታለም።

ማክዳ በጣቷ አመለከተች።

«በይ ቤተ መንግሥት የለም በዪው» አሉ እታለም፣ ወንድማቸው በክንድ ርቀት ላይ ቆመው።

ማክዳ መልእክት መያዝ ትወዳለች። ዞረችና፣ «ቤተ መንግሥት የለም ትላለች» አለች። አያ ጥሩነህ ለእሳቸው ሁልጊዜም ቤተ መንግሥት እንደነበረ ንገሪያት አሉ። ማክዳ አደረሰች። እታለም ልጃቸውን ዓረብ አገር ያሰደዳት የእሱ ምላስ መሆኑን ንገሪው አሉ። ይህ ለማክዳ ረዘመባትና፣ «ምላስህ መጥፎ ነው ትላለች» ብላ አሳጠረችው።

«እውነቷን ነው በያት።»

«እውነትሽን ነው ይላል።»

ሰሎሞን ሊያስቆማት ሲነሣ እጁን ያዝኩት። አያ ጥሩነህ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ይቅርታ ልጠይቃት ነው የመጣሁት በያት» አሉ።

ማክዳ ግን አልተንቀሳቀሰችም። «እሱን ራስህ በላት» አለች። «ይቅርታ በሰው አይላክም። እማዬ ናት ያለችው።»

እውነት ነው፤ ወንድሟን በመታች ቁጥር ሠራተኛችንን ይቅርታ በዪልኝ እያለች ስትልክ የምቆጣት ቁጣ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ሲወጣ ግን ወዴት እንደምገባ ጠፋኝ። ደጁ ላይ ምሳ የሚበሉት ሹፌሮች እንኳ መጉረስ አቆሙ። አያ ጥሩነህ ወደ እህታቸው ዞሩ። የሚያስቅ ነገር ይናገሩ ይሆን ብዬ ፈራሁ።

«እታለም፣ ይቅር በዪኝ» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።

 የመለሰችው ግን ብርቱካን ናት፤ በሩ ላይ ተደግፋ እየሰማች ነበር።

«ስለ እኔ ነው የተጣላችሁት፤ እኔን ግን የጠየቀኝ የለም» አለች። «ልጁን ወድጄው ነበር። ሪያድ እንደገባሁ ጋሼን በየቀኑ ነው የረገምኩት። የሰው ልብስ እየተኮስኩ እረግመው ነበር። አንድ ቀን ግን የገብሱ ነገር ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅሁ፤ መቆም እስኪያቅተኝ። እመቤቲቱ ምን ያስቅሻል አለችኝ። በዓረብኛ እንዴት ብዬ ልንገራት? ከዚያ ወዲያ ሲከፋኝ እያወጣሁ እስቅበት ነበር።» የተደገፈችውን በር ለቀቀች። «ሁለቱም እውነት ነው። ረግሜሃለሁም፣ ስቄብሃለሁም።»

 አያ ጥሩነህ እያየኋቸው ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉና ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ናሆም እየሳቁ መስሎት እሱም ፈገግ ብሎ ነበር፤ ከዚያ ገባውና ወደ እኔ ተጠጋ። እታለም ቀስ ብለው ሄደው ባርኔጣውን ከእጃቸው ወሰዱ፤ አቧራውን በነጠላቸው ጠረጉት።

«ግባ» አሏቸው። «ልጆቹ ርቧቸዋል።»

ምሳ ቀረበ፤ የገብስ እንጀራ ነበር። አያ ጥሩነህ እጃቸውን ታጥበው ቢቀመጡም መብላት አልጀመሩም። እታለም አዩዋቸውና፣ «ብላ እንጂ፤ ገብሱ የእኛው ነው» አሉ። ብርቱካን ናት መጀመሪያ የሳቀችው፤ ቀጥሎ ሹፌሮቹ፣ ምኑም ሳይገባቸው። ከምሳ በኋላ እታለም ማክዳን እጇን ይዘው ቤታቸውን አሳዩዋት፤ ጓዳውን፣ ጎተራውን፣ ቁርበት የተነጠፈበትን መደብ። መደቡ ላይ አስቀመጧትና የእውነት ንግሥት እዚህ እንደምትቀመጥ ነገሯት። ናሆም ቀና ብሎ ቆርቆሮውን አየና ጣራ እንዳለው መሰከረ።

ወደ ባሕር ዳር ስንነሣ አያ ጥሩነህ አብረውን አልተመለሱም። በአውቶቡስ እመጣለሁ አሉ። ደብረ ታቦር የመጡት ግን ብዙ ቆይተው ነው፤ ያውም ዕቃ ሊወስዱ። የስፌት መኪናቸውን በጭነት መኪና አስጭነው ገሳይ ወስደው ብርቱካን ምግብ ቤት በረንዳ ላይ ተከሉት። በየበዓሉ ስንደውል ስልኩን የሚያነሣው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ሁለቱም በአንድ ላይ ነው የሚያወሩት። እታለም በረንዳውን በቁራጭ ጨርቅ ሞላብኝ ብለው ይከሳሉ። አያ ጥሩነህ ወጡ ጨው አነሰው ይላሉ። አንድ ጊዜ ስልኩን ሳይዘጉት ረስተውት ሲጨቃጨቁ ብዙ ሰማናቸው፤ ልጆቹ ድምፁን ከፍ አድርገው እንደ ሬዲዮ አዳመጧቸው።

ለአርባቸው ገሳይ ሄድን። ድንኳኑ ሰው ሞልቶበት ነበር፤ ከደብረ ታቦር፣ ከአንበሳሜ ሳይቀር መጥቷል። በየጥጉ ሰው ስለ እሳቸው አንድ ነገር እያነሣ ይስቅና አፉን በጋቢው ይሸፍናል። የንስሐ አባታቸው ራሳቸው፣ አያ ጥሩነህ በመጨረሻው ኑዛዜያቸው ላይ የካህኑን ቀሚስ ቀና ብለው አይተው ግራ እጅጌው እንደሚያጥር እንደነገሯቸው አወሩልን። ልጆቹ ብርቱካንን ሊያግዙ ወደ ጓዳ ገቡ፤ ሰሎሞን ከወንዶቹ ጋር ተቀመጠ።

እኔ እታለም አጠገብ ተቀመጥኩ። ጥቁር ለብሰዋል፤ ቀሚሱ ልካቸው ነው፤ ማን እንደሰፋው አልጠየቅሁም።  ምን ብዬ እንደማጽናናቸው ሳስብ እሳቸው ቀደሙኝ።

«ስንት ዓመት ዘጋሁት» አሉ፣ በረንዳውን እያዩ። «አንድ ቀን እንኳ እንዲህ አልጨነቀኝም። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ደብረ ታቦር በሕይወት መኖሩን አውቅ ነበር።»

ብርቱካን ከጓዳ ጠራቻቸው። እንግዳ ተጨምሯል። እታለም ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡና ሊያስተናግዱ ሄዱ።